ዱካ ጠራጊው

ፎቶ አንሺዎች አገራችንን የሚወዷት ሰው የሌለባት ስትመስል ነው። ከዓለም ዳርቻ ተነሥተው፣ ካሜራቸውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ይመጡና ሳይነጋ ከኩይሴብ ወንዝ ማዶ ካለው ቀይ የአሸዋ ተራራ ሥር ይገተራሉ። ፀሐይ ብቅ ስትል የተራራው አንዱ ጎን እንደ ፍም ይቀላል፣ ሌላው ጥላሸት ይመስላል፤ በመካከል ያለው ጠርዝ ደግሞ በሞረድ የተሳለ ነው። ታዲያ በዚያ ጠርዝ ላይ የአንድ ሰው እግር አልፎበት ከሆነ ለእነሱ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ለወዳጆቻቸው የሚያሳዩት «ሰው ያልረገጠው ምድር» እያሉ ነውና። አያት ቅድመ አያቶቻችን ናራ የሚባለውን የበረሃ ዱባ ሲለቅሙ የኖሩበትን ምድር ማለታቸው ነው።

ይህን ያልተረገጠ ምድር በየማለዳው የሚሠራላቸው ፊሌሞን ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የባሕር ነፋስ መቼም ዱካ ሁሉ ያጠፋል፤ ግን ነፋሱ ሲበርድ እንግዶቹ ራሳቸው የምሽቱን ብርሃን ብለው ተራራውን ይወጡና እንደ በሬ ያቦኩታል። ቀበሮም በሌሊት ያልፍበታል። ስለዚህ ፊሌሞን ከወፍ ቀድሞ ይነሣል፤ ቅርንጫፍ የታጨቀበትን ጆንያ በገመድ ከኋላው እየጎተተ ተራራውን ይላገዋል፤ ጠርዙን በለስላሳ መጥረጊያ ያስተካክለዋል። የቀረውን ሽብሽብ የማለዳው ሽውታ ይሠራለታል። በሰፈሩ ደመወዝ የሚባል ነገር የሚያይ እሱ ብቻ ስለሆነ ማንም በሥራው አይስቅም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የሚስቁበት ለዚሁ ነው።

«የአሸዋው ፀጉር አስተካካይ መጣ!» ይሉታል ውኃ መቅጃው ላይ። «ዛሬስ ምን ዓይነት ቆረጥከው?»

«ጎንና ጎኑን አሳጥሬ መሐሉን ተውኩት» ይላል እሱም።

ከሁሉም በላይ የምትቀልድበት ያሳደገችው ኦቲሊያ ነበረች። የእናቱ ታላቅ እህት ናት፤ በእኛ ዘንድ የእናት ታላቅ እህት አክስት አትባልም፣ ትልቋ እማ ናት። እናቱ ስትሞት ያጠባችው ፍየል የእሷ፣ የያዘው ቀሚስም የእሷ ነበር። አሁን ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት የሰው ፊት አትለይም፤ ምላሷን ግን ምንም አልሸፈነውም። የናራዋ ቁጥቋጦዎች ከዚያው ተራራ ጀርባ ናቸው፤ ከእናቷ የወረሰቻቸው ስለሆነ ሌላ ቤተሰብ እሾኻቸውን እንኳ አይነካም። ፊሌሞን ሥራውን የያዘ ሰሞን «ትልቋ እማ፣ ተራራውን አቋርጠሽ አትሂጂ፤ በታች በኩል ዞረሽ ሂጂ፣ እንግዶቹ ይቆጣሉ» ብሎ ለምኗት ነበር።

«እንግዳ ባለቤቱን የሚቆጣበት አገር መጣ በለኛ!» አለችው። ቢሆንም እንጀራው ነው ብላ፣ በዚያ ባረጀ ጉልበቷ፣ ረጅሙን መንገድ እየዞረች ትሄድ ጀመር።

አንድ ቀን ማለዳ ፊሌሞን የግንባር ባትሪውን አብርቶ ተራራውን ሲጀምር ከግርጌ ወደ ላይ የሚወጣ የእግር መስመር አየ። ዱካ ለማንበብ ብርሃኑ ከጎን መምጣት አለበት፤ ፎቶ አንሺዎቹም እኛም የማለዳዋን ፀሐይ የምንወዳት በዚሁ ምክንያት ነው። ከግንባር ላይ ቁልቁል የሚወርድ መብራት ግን ጉድጓዱን ሁሉ ሜዳ ያደርገዋል። ጎንበስ ብሎ ባትሪውን በእጁ ይዞ ከጎን ቢያበራው ይበቃ ነበር። አልጎነበሰም። ከዓመታት በፊት ቢሆን ዱካ አይቶ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ማለፍ፣ ሰው «እንደምን አደርክ» ብሎት ዝም እንደማለት ነውር ይሆንበት ነበር። አሁን ዱካ ለእሱ የሚጠረግ ነገር ነው።

«እነዚህ እግረ ቀላሎች!» አለ እንግዶቹን፤ ጆንያውንም ጎትቶ አለፈበት።

ጫፉ ላይ ሲደርስ የእንግዶቹ ማረፊያ ባለቤት ጌርድ ከታች ጮኸ። ቀይ ቆብ ያደረገው እንግዳ ጠርዙን ከጎን ሊያነሣው ስለፈለገ የጀርባውም ገጽ ንጹሕ ይሁን አለ። ፊሌሞን በልቡ እየተራገመ በጀርባ በኩል እስከ እኩሌታው ወረደ፤ መስመሩን እዚያም አገኘው፣ እዚያም ጠረገው። ከዚያ በጎን በኩል ዞሮ ወረደ። ፀሐይ ወጣች። እንግዶቹ እንደ ሕፃን በደስታ ጮኹ፤ የባለ ቀይ ቆቡ ዓይን እንባ አቀረረ። ፊሌሞን ከታች ትኩስ ሻይ ቀዳላቸው፤ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ብርሃኑ ጠፍጣፋ እስኪሆንና ካሜራው ወደ ሣጥኑ እስኪመለስ ድረስ አብሯቸው ቆየ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ማግሪታ ደጅ ላይ ቆማ ነበር።

«ትልቋ እማ ከአንተ ጋር አይደሉም እንዴ?»

«ከእኔ ጋር ምን ትሠራለች ብለሽ?»

«አልጋቸው ባዶ ነው። ጆንያቸውም ምርኩዛቸውም የለም። ናራው ደርሷል፣ ጉልበቴ ግን ዙሪያውን እንቢ አለኝ ሲሉ ነበር ሰሞኑን።»

ለጊዜው ማንም አልደነገጠም። ሴትዮዋ ቀንና ሌሊት የማይለይ ዓይን ይዛ እንዳሻት የምትነሣ ናት። ግን ፀሐይዋ በረታች፤ የወሰደችውም ውኃ የለም፣ መቅጃዋ ሙሉዋን ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። በእኛ አገር ከናራ ወቅት ፀሐይ ጋር ያለ ውኃ የሚውል ሽማግሌ ማምሻውን አያይም። ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ከሁሉም ፊት ሽማግሌው፣ ኡፓ ወይም አያት የምንላቸው ሳልሞን፣ ቆሙ። ኡፓ ሳልሞን የኦቲሊያ የወጣትነት እጮኛ ነበሩ ይባላል፤ እሳቸውም አያስተባብሉም፣ እሷም «እግሩ አላማረኝም» እያለች ስታስቅባቸው ኖራለች። ከእሳቸው የተሻለ ዱካ የሚያነብ በወንዙ ዳር የለም።

ሽማግሌው በመጀመሪያ ወደ ዙሪያው መንገድ ሄዱ። የሷ እግር የለም። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ከዚያ ወደ ቀዩ ተራራ ግርጌ ሄዱ። አሸዋው እንደ ተላገ እንጨት ልስልስ ብሎ ተኝቷል።

«ፊሌሞን፣ አንተ እዚህ ነበርክ?»

«ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ጀምሬ። ሴት ቀርቶ ጥንዚዛ አላለፈበትም።» አፉን ሞልቶ ነው የተናገረው።

በቃ፣ ይሄ እንደ መሐላ ነበር። ሌላ አገር ሰው ሲጠፋ ሁሉንም አቅጣጫ ይፈልጋሉ፤ እኛ ግን አሸዋው የለም ያለውን አንፈልግም። አሸዋ ሲዋሽ ታይቶ አይታወቅማ። ፍየሎች ሌት ተቀን የሚረግጡት፣ ዱካ የማይያዝበት የደረቀው የወንዙ ሆድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወደዚያ ሄዳለች አሉ። ምናልባት መኪና መንገዱ ድረስ ልትሄድ ይሆናል፣ ምናልባት ግራር ሥር ተቀምጣ ይሆናል። ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ተከፈለ። ለተራራው ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ።

ፊሌሞን ከማግሪታና ከኡፓ ሳልሞን ጋር ወደ ላይ ነበር። በየግራሩ ሥር «ትልቋ እማ!» እያለ ይጣራል። መጀመሪያ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበረበት፤ ስትገኝ ምን እንደሚላት ሳይቀር አዘጋጅቶ ነበር። እየቆየ ቁጣው ሸሸና ጥሪው ልመና መሰለ። አሸዋው ጫማ አልፎ ያቃጥላል። ፍየሎቹ እንኳ ጥላ ይዘው ምላሳቸውን አውጥተዋል።

«እኔኮ የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ነው» አለች ማግሪታ ላቧን እየጠረገች። «ዓይናቸው ባያይም ጠፍተው አያውቁም። ጎንበስ ብለው የሄዱበትን የራሳቸውን ዱካ በምርኩዝ እየነኩ ነው የሚመለሱት። የትም ይሂዱ፣ እግራቸው ይመልሳቸዋል።»

«ይመልሳታል» አለ ፊሌሞን።

 ጥቂት እንደሄዱ ኡፓ ሳልሞን የወደቀ ግንድ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን ወደ ባሕሩ በኩል አዞሩ። የከሰዓቱ ነፋስ ገና አንገት ማቅናቱ ነበር፤ ቅጠሉን ነካ አድርጎ ይተወዋል።

«ፊሌሞን» አሉት። «ዛሬ ጠዋት ምን ጠረግክ?»

«የእንግዶቹን ዱካ ነዋ፣ ሌላ ምን እጠርጋለሁ?»

«የየትኞቹን እንግዶች?»

«ትናንት ማታ የወጡትን።»

ማግሪታ ቀና አለች። «ትናንት ከእንግዶቹ ጋር ወደ ባሕሩ ሄደን ሮዝ ወፎች ፎቶ ሲያነሡ መሸብን አላልከኝም? አንተ ራስህ የመጣኸው በጨለማ አይደል?»



«ትናንት ነፋስ ነበረ» አሉ ሽማግሌው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው። «ከነፋሱ በኋላ ተራራውን የወጣ እንግዳ ካልነበረ፣ ጠዋት ያየኸው ዱካ ከነፋሱ ወዲህ የሄደ ሰው ዱካ ነው። ነጠላ ነበር?»

«ነጠላ ነበር።»

«ጎን ለጎኑ የምርኩዝ ነጥብ ነበረው?»

«አላየሁም» አለ ፊሌሞን። «ኡፓ፣ አላየሁም። አልጎነበስኩም።»

የሰደበው የለም። ቢሰድቡት በተሻለው። ኡፓ ሳልሞን ተነሥተው ወደመጡበት መሮጥ ጀመሩ፤ ያ ዕድሜ ይሮጣል ብሎ ማን ይገምታል? ፊሌሞን አልፏቸው ሄደ። ወንዙን ተሻግሮ ተራራውን ሲወጣ በእጁም በእግሩም ነው የቧጠጠው። ጫፉ መጨስ ጀምሯል፤ ነፋሱ ከጠርዙ ላይ ደቃቁን አሸዋ እየገፈፈ ይረጨዋል። በጀርባ በኩል ቁልቁል ሲያይ ሸለቆው ወለል ብሎ ባዶ ነው። የናራው ቁጥቋጦ ብቻ እንደ ተኛ መንጋ ጥቁር ጥቁር ብሎ ይታያል።

ተራራው በዚያ በኩል ትከሻ አለው። ከትከሻው በታች፣ ነፋሱ ገና ያልገባበት አንድ ጥግ ነበር፤ የጠዋቱ ጥርጊያው የሚያልቅበትም እዚያው ነው። ፊሌሞን ያቺን ጥግ ሲያይ ተንሸራቶ ወረደ፤ ወርዶም ቆመ።

ኡፓ ሳልሞንና ማግሪታ እያለከለኩ ደረሱበት። በእኛ ልማድ ዱካ ያገኘ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል፤ የቀሩት ይሰሙታል፣ ከሳተ ያርሙታል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ፊታቸውን መለሱ።

«አንብብ» አሉት።

«እርስዎ ያንብቡት፣ ኡፓ። በእናትዎ።»

«ያገኘ ነው የሚያነበው። ነፋሱ እየመጣ ነው፣ አንብብ።»

ፊሌሞን ጎንበስ አለ። «እሷ ናት» አለ። «ይኸው የቀኝ አውራ ጣቷ። ይሄ ቁልቁል የሚወርደው የጠዋቱ ነው፤ እግሯ ቀላል ነው፣ ጆንያው ባዶ ነው። ይሄ ሽቅብ የሚመጣው መልሱ ነው። ተረከዟ ጠልቋል፤ ለቅማለች፣ ጆንያው ሞልቷል። የራሷን ዱካ በቀኝ በኩል ይዛዋለች። በየእርምጃው በምርኩዟ ነክታዋለች። አንድም ቦታ አልሳተችም።»

«ቀጥል።»

«እዚህ ቆማለች።»

«ለምን ቆሙ?» አለች ማግሪታ።

ፊሌሞን ወደ ላይ ተመለከተ። ከቆመችበት ወዲያ የእሱ ጆንያ ያለፈበት አሸዋ ነው፤ ከዚያ እስከ ጫፉ ዱካ የሚባል የለም።

«ለምን ቆሙ አልኩህ እኮ!»

«መንገዷ እዚህ ላይ አለቀ» አለ። «እዚህ ተንበርክካለች። ይኸው ጉልበቷ። ይኸው መዳፏ… ይኸው ሌላው። ስትዳብስ ነው። በቀኝ ዳብሳለች፣ በግራ ዳብሳለች። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳ ዱካዋን እንደገና አግኝታዋለች። ይዛው መጣች፤ እንደገና እዚህ አጣችው። እንደገና ተመለሰች። ይሄ ሁሉ የእሷ ነው፤ ስትመላለስ አሸዋውን አቡክታዋለች።»

ሰፈሩ ከዚያ ጫፍ ማዶ ነበር። እሷ ግን ከእግሯ በቀር የምታምነው አልነበራትም፤ እግሯ ደግሞ እዚህ ያለፈ ሰው የለም አላት።

«ከዚያስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ከዚያ ተሳስቻለሁ ብላ አሰበች መሰለኝ። ሌላ ቦታ ልትፈልገው ሄደች። ወደ ጎን… ወደ ባሕሩ በኩል።»

በዚያ በኩል ውኃ የለም፣ ጥላ የለም፣ ሰው የለም፤ ከባሕር እስኪገናኝ ድረስ ተራራ ከኋላው ተራራ ነው። እየሮጡ ተከተሉት። የተራራው ትከሻ እስኪያልቅ ድረስ የአውራ ጣቷ ምልክት እየደበዘዘ አብሯቸው ሄደ። ትከሻው ሲያልቅ ነፋሱ ፊታቸውን በአሸዋ መታቸው፤ መሬቱም እንደ እባብ እየተሳበ ነበር። ማግሪታ ጮኸች። ፊሌሞን ጮኸ። ኡፓ ሳልሞን ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው በመዳፋቸው ጆሯቸውን ከልለው ሲያዳምጡ ቆዩ፤ የሰሙት ነፋሱን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያልሆነ ነገር የለም፤ የፖሊስ መኪና መጣ፣ እንግዶችን በሰማይ የምታዞረው ትንሿ አውሮፕላን ዞረች፣ ከወንዙ ላይና ታች ያለ ዘመድ ሁሉ አህያውን ጭኖ ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። በየቀኑ ከሰዓት ነፋሱ የፈለጉበትን ያጠፋል፤ ሲበርድ እንደገና ይወጣሉ። አንድ ቀን ጆንያዋን አገኙት፤ ናራው ውስጡ ደርቆ ነበር። እሷ አልተገኘችም። ዘመዱ አንድ በአንድ ተመለሰ፤ መቃብር ስለሌላት ድንጋይ የሚያኖርበት አጥቶ።

አንድ ምሽት ማግሪታ እሳቱ ዳር፣ ቀና ሳትል፣ «እዚያ ሲዳብሱ ተጣርተው ይሆን?» አለችው።

«እግር ጩኸት አይናገርም።»

«አንተ ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

ፊሌሞን ይህን ጥያቄ ለራሱ ስንቴ እንደጠየቀው እሱ ያውቃል። «ከጫፉ በዚህ በኩል» አላት። «ለእንግዶቹ ሻይ እየቀዳሁ። እነሱ ይስቁ ነበር።»

ማግሪታ እሳቱን ቆሰቆሰች። ከዚያም ወዲህ ጠይቃው አታውቅም።

ጌርድ ዱቄትና ስኳር ይዞ ለቅሶ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቆቡን አውልቆ ብዙ ተቀመጠ። ሲነሣ ግን አዲስ የፎቶ አንሺዎች ቡድን እንደሚመጣና ፊሌሞን ካልቻለ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ተናገረ። ፊሌሞን ማግሪታን አያት። ማግሪታ የዱቄቱን ከረጢት አየችው።

«ሂድ» አለችው። «ምን እንበላለን?»

ሄደ። ማለዳ ጆንያውን ይዞ ተራራው ሥር ሲደርስ አሸዋው በዱካ ተሞልቶ ነበር፤ ነፋሱ ከበረደ በኋላ ማታ የወጡ፣ ተስፋ ያልቆረጡ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ባትሪውን ከግንባሩ አወለቀና ጎንበስ ብሎ ከጎን አበራው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። «ኡፓ ሳልሞን፤ ማታ፣ ብቻቸውን፤ እዚህ አርፈዋል። ማግሪታ፤ ሳትነግረኝ ወጥታለች፤ እዚህ ቆማ አልቅሳለች፣ ሁለት እግሯ አንድ ቦታ ጠልቋል።» አንዱን አንብቦ ይጠርጋል፣ ሌላውን አንብቦ ይጠርጋል። ጫፉ ላይ እስኪደርስ የሁሉንም ስም ጠራ። የሚፈልገው አውራ ጣት አልነበረም።

ከታች እንግዶቹ ካሜራቸውን አቁመዋል። አንዷ ሰውዬው ምን እያለ ነው ብላ ጌርድን ጠየቀችው፤ ጸሎት ይሆናል አላት። ፀሐይዋ ጠርዙ ላይ ስትወጣ ፊሌሞን ጀርባውን ሰጥቷቸው ወደ ባሕሩ በኩል ያይ ነበር።

«ፊሌሞን!» ሲል ጌርድ ጮኸ፣ በትሕትና። «ትንሽ ወደ ጎን በልልን። ፎቶው ውስጥ ገብተሃል።»

ፊሌሞን ወደ ጎን አለ። ከዚያ ዞሮ የቆመበትን ጠረገ።